ረጅሟን ኦሎምፒያ ላዳኑልኝ የባሕር ዳር ባለሙያ ምስጋናዬ ይድረሳቸው

በባሕር ዳር ከተማ ሽምብጥ አካባቢ፣ በመኖሪያ ግቢያቸው ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የጽሕፈት መኪና፣ የልብስ ስፌት መኪናና ሚዛን የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ባለሙያ አሉ። ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈቀዱ አልጽፈውም፤ ለሥራቸው ግን ሳልመሰክር መቅረት አልሆነልኝም።

አሮጌ የጽሕፈት መኪናዎችን እሰበስባለሁ። ብዙ ሰው የሚወደው በሻንጣ የሚያዙትን ትንንሾቹን ሲሆን፣ እኔን የሚማርኩኝ ግን ለሰፊ መዝገብ፣ ለደመወዝ መክፈያና ለሒሳብ ሰንጠረዥ ተብለው የተሠሩት ግዙፎቹ ናቸው። ከሁሉ የምሳሳላት ኦሎምፒያ ኤስጂ 1 ናት። ይህ ሞዴል በጀርመን አገር፣ በቪልሄልምስሃፈን ከተማ፣ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲመረት የነበረ የቢሮ መኪና ነው፤ የእኔዋ ደግሞ ወረቀት የሚጠቀለልበት ሮለሯ ከ60 ሳንቲሜትር ስለሚበልጥ ሁለት የተለመደ ወረቀት ጎን ለጎን ገብቶባት ቦታ ይተርፋል። ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ለማዛወር እንኳ ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

መኪናዋን አስቀድሞ ያየልኝ ሌላ ሠራተኛ ነበር። ፊደል ተሸካሚዎቹ ብረቶች በሚቀመጡባቸው ጠባብ መስመሮች ውስጥ የሞተር ዘይት አፍስሶባቸው፣ ዘይቱ ከአቧራ ጋር ተቦክቶ እንደ ሙጫ ያዛቸው። ወረቀቱን ይዞ የሚመላለሰውን ክፍል፣ እኔ ሠረገላ የምለውን፣ በካቻቪቴ ፈልቅቆ ሊያወጣው ሲታገልም ሐዲዱን አጎበጠው። በመጨረሻም ርዝመቱን ቆርጠን እናሳጥረው፣ ካልሆነም ለብረት ገዢ ስጠው አለኝ። ያን ዕለት ያዘንኩትን ሐዘን ዛሬም አልረሳውም።

ወደ አዛውንቱ ዘንድ በባጃጅ ጭኜ የወሰድኳት ተስፋ ቆርጬ ነበር። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይነኩ ተመለከቷት፤ ከዚያም በግራና በቀኝ ያሉትን መልቀቂያዎች ፈትተው ሠረገላውን ያለ ምንም ትግል ብድግ አድርገው ለብቻው አስቀመጡት። ለካ በዚህ ሞዴል ላይ ሠረገላው እንዲወጣ ተደርጎ የተሠራ ኖሯል። ስለ መቁረጡ ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ ይህቺ እኮ የመጣችው ለሰፊ ወረቀት ነው፤ ከቆረጥናትማ ምኗ ቀረ?» አሉኝ። ብረታ ብረት የተማሩት በከተማችን በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቭየት ኅብረት ትብብር በተቋቋመው የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ነው፤ የጎበጠውን ሐዲድ ከመስታወት ላይ እያስተኙ፣ ብርሃን የሚያልፍበትን ክፍተት እያዩ፣ በትንሽ በትንሹ ሲያቀኑት ሳይ የትምህርታቸው ጥራት ገባኝ።

የተቦካውን ዘይት በነጭ ጋዝና በጥርስ ብሩሽ ሦስት ቀን ሙሉ አጠቡት። ከዚያ በኋላ በዚያ ቦታ ላይ ጠብታ ዘይት እንኳ አላስነኩም፤ እነዚያ መስመሮች ደረቅ ሆነው ነው መሥራት ያለባቸው ብለው አስጠነቀቁኝ። ዘይት የቀቡት የሠረገላው ኩሽኔታዎች የሚንከባለሉበትን ቦታ ብቻ ነው፣ ያውም በመርፌ ጫፍ።

ሠረገላውን ከሞላው ጋር የሚያገናኘው ማሰሪያ ተበጥሶ ስለነበር፣ በምትኩ የጣና ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን የሚሠሩበትን የናይለን ክር በሦስት ገምደው አሰሩለት። ረጅሙ ሠረገላ ከባድ በመሆኑ ሞላው ከላላ መስመሩ መሐል ላይ ይቆማል፤ ከጠበቀ ደግሞ ሠረገላው እየተወረወረ ይላተማል። ስለዚህ ሞላውን ግማሽ ዙር እያጠበቁ አንድ መስመር ይጽፋሉ፣ ደግመው ያጠብቃሉ፣ ደግመው ይጽፋሉ። ከብዙ ሙከራ በኋላ መስመሩ እስከ ጠርዙ ደርሶ ደወሉ ሲያቃጭል፣ እሳቸው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ የኔ ዓይን ግን እንባ አቀረረ።

በሌላ ጊዜ የአማርኛ ኦሊቬቲዬንም ወስጄላቸው ነበር። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ የመኪናው ቁልፎች ግን ሃምሳ እንኳ ስለማይሞሉ፣ ብዙው ፊደል የሚጻፈው አካሉና የድምፅ ምልክቱ ለየብቻ ተመትተው አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ሲያበጁ የተጋፈጡት ፈተናም ይኸው የፊደል ብዛት ነበር። የእኔዋ ላይ «ቡ» ሲጻፍ ጭረቷ ከፊደሉ ተነጥላ አየር ላይ ትቀር ነበር። ባለሙያው ምልክቱን የተሸከመውን ብረት በፒንሳ እምብዛም በማይታይ መጠን ገፋ አድርገው፣ አሥራ ሁለት ጊዜ «ቡ» ጽፈው አሳዩኝ፤ ሁሉም ገጥመዋል።

የማወቅ ፍላጎታቸውንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ኤሊዮት ፊሸር የተባለውን፣ በተጠረዘ መዝገብ ላይ ተጋድሞ ራሱ እየተንቀሳቀሰ የሚጽፈውን የድሮ የአሜሪካ መኪና በስልኬ ባሳየኋቸው ጊዜ፣ ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሐዲዶቹን እያጎሉ ሲመረምሩ ቆዩ።

ለኦሎምፒያዋ ሥራ የጠየቁኝ 3,000 ብር ነው። የደረቀውን የሮለሩን ጎማ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ አዲስ ጎማ እንደማያስፈልገውና ከምጽፍበት ወረቀት ኋላ ሌላ ወረቀት ደርቤ ብጠቀም እንደሚበቃ ነገሩኝ፤ ሌላ ቢሆን ያስከፍለኝ የነበረ ሥራ ነው።

በቤታችሁ ወይም በመሥሪያ ቤታችሁ ዕቃ ግምጃ ቤት የቆየ የጽሕፈት መኪና ያላችሁ፣ በተለይም በትልቅነቱ ምክንያት ሊጣል የታሰበ ካለ፣ ለብረት ገዢ ከመስጠታችሁ በፊት ለእኚህ ሰው አሳዩት። ስታጓጉዙ ሠረገላውን መሐል ላይ አድርጋችሁ በጨርቅ እሰሩት፤ የባጃጅ ንቅናቄ ማሰሪያውን ይበጥሰዋል። ከእሑድና ከበዓላት በስተቀር ከሰዓት በኋላ አይጠፉም። በውስጥ መስመር ለሚጽፍልኝ ሰው አስቀድሜ እሳቸውን አስፈቅጄ እስከ ቤታቸው አደርሰዋለሁ። ጋሼ፣ ለትዕግሥትዎና ለእጅዎ ጥበብ ከልቤ አመሰግናለሁ፤ እግዚአብሔር ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ።