«አዲስ ባትሪ ተገጥሞለታል» የሚባል ያገለገለ ዩፒኤስ ከመግዛታችሁ በፊት

ያገለገለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ መሣሪያ) «ተጠግኗል፣ አዲስ ባትሪ ተገጥሞለታል» ተብሎ ከቀረበላችሁ ሳይከፈትና ጭነት (ኤሌክትሪክ የሚወስድ ዕቃ) ሳይዝ ገንዘብ አትክፈሉ። ውስጡ ያለው ባትሪ ስቲከሩ ብቻ አዲስ የሆነ አሮጌ ሊሆን ይችላል። መብራት እስካለ ድረስ ችግሩ አይታወቅም። የጠፋ ዕለት ግን ኮምፒውተሩም እኩል ይጠፋል፤ ሴቭ ያልተደረገው ሥራም አብሮት ይሄዳል።

ዩፒኤሱ ላይ የምትበራው አረንጓዴ መብራት ስለ ባትሪው ምንም አትናገርም። ርካሾቹ ዩፒኤሶች መብራት ሲኖር ኤሌክትሪኩን ከግድግዳው ሶኬት ወደ ኮምፒውተሩ ያሳልፋሉ፤ ባትሪው በዚያ ሰዓት ቻርጅ ከመሆን በቀር ሥራ የለውም። ሻጩ ሰክቶ «ይኸው ይሠራል» ሲል ስለ ባትሪው ያሳያችሁ ነገር የለም። ቴስተር (የቮልት መለኪያ) አውጥቶ 13.6 ቮልት ቢያስነብባችሁም አትመኑ፤ ያ ቁጥር ዩፒኤሱ ውስጥ ያለው ቻርጀር የሚሰጠው ነው። አቅሙን የጨረሰ ባትሪም ቻርጀር ላይ እያለ ይህንኑ ሊያሳይ ይችላል።

ስለዚህ ከሶኬት ተነቅሎ፣ ጠፍቶ ይከፈት። ባትሪው እስካልተነቀለ ድረስ ውስጡ ኤሌክትሪክ ስላለ የምትነኩትን ተጠንቀቁ፤ መክፈቱን ለሻጩ ብትተዉት ይሻላል። 650 ቪኤ (ቪኤ የዩፒኤስ ጉልበት መለኪያ ነው) በሚባሉት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው አንድ ባለ 12 ቮልት፣ አቅሙ 7 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ ነው። ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ትክክለኛው 2 ኪሎ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። አንድ ኪሎ ተኩል ከሆነ ላዩ ላይ 7 ይጻፍ እንጂ ውስጡ ያለው እርሳስ ያን ያህል አይደለም። አቅም የሚገኘው ከእርሳሱ ስለሆነ ክብደቱን አስመስሎ መሥራት ከባድ ነው።

ቀጥሎ ሽቦው የሚሰካባቸውን ሁለት የብረት ምላሶች ተመልከቱ። ተሰክተው የተነቀሉ ከሆነ የመፋቅ ጭረት አለባቸው፤ አዲስ ባትሪ ላይ ደጋግሞ የተሰካ ምልክት አይኖርም። የላይኛው ክዳን ጠርዝ በዊንዲቨር የተፈነቀለ መስሎ ከታያችሁ ተዉት። ክዳኑን አንስቶ የተጣራ ውኃ በመጨመር የደረቀን ባትሪ ለጥቂት ጊዜ ማንቃት ይቻላል፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ተመልሶ ይሞታል። ጎኑ ያበጠ ከሆነ ደግሞ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም፤ አትግዙት። የተመረተበት ቀን ፕላስቲኩ ላይ ታትሞ ከተገኘም አንብቡት፤ እንዲህ ያለ ባትሪ ምንም ሳይሠራ መደርደሪያ ላይ ዓመት ቢቀመጥ እንኳ በየጊዜው ቻርጅ ካልተደረገ ይበላሻል።

ዋናው ፈተና ግን ጭነት ነው። ዩፒኤሱ ቀድሞ ሙሉ ቻርጅ ይሁን፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይፈጃል፣ ስለዚህ ለሻጩ ከአንድ ቀን በፊት ንገሩት። ባለ ሽቦውን የድሮ 100 ዋት አምፖል ወይም ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ ሰኩበትና ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ። ደህና ባትሪ ያለው 650 ቪኤ ዩፒኤስ 100 ዋት ጭኖ 15 ደቂቃ አካባቢ ይቆያል። አምስት ደቂቃ ካልሞላ ባትሪው አልቆለታል። ጊዜ ከሌላችሁ አምፖሉ እየበራ የባትሪውን ቮልት ለኩ፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ11 በታች ከወረደ አትግዙት። ላፕቶፕ ቻርጀር ወይም የስልክ ቻርጀር ሰክተው የሚያሳዩ አሉ፤ ያ ጭነት ተብሎ አይቆጠርም።

የቪኤውም ነገር አለ። ቪኤ ዋት አይደለም፤ 650 ቪኤ የተባለው የሚችለው 360 ዋት አካባቢ ነው። «1200 ቪኤ» ተብሎ ሲከፈት አንድ ትንሽ ባትሪ ብቻ ከተገኘበት ስቲከሩን ተጠራጠሩ፤ በዚህ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ባትሪ በተከታታይ ተገናኝቶ 24 ቮልት ይሰጣል። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ከተቀየረ ደግሞ አሮጌው አዲሱን ይዞት ይሞታል።

ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ጀርባውን አንብቡ። 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ የሚል ከሆነ ለእኛ 220 ቮልት አይሆንም፤ እንደሰካችሁት ይቃጠላል። ሶኬት መቀየሪያ ቅርጹን እንጂ ቮልቱን አይቀይርም።

«የመኪና ባትሪ ገጥመንለታል፣ ሰዓታት ይቆያል» የሚለውንም አትቀበሉ። የርካሽ ዩፒኤስ ትራንስፎርመር የተሠራው ለደቂቃዎች ነው፤ ለሰዓታት ሲሠራ ይግላል፣ ይቃጠላል። የዩፒኤሱ ትንሿ ቻርጀርም ያን ትልቅ ባትሪ ለመሙላት ቀናት ትፈልጋለች፤ ባትሪው ቻርጅ ሲሆን የሚወጣው ጋዝም ቤት ውስጥ አደገኛ ነው።

ደረሰኝ ስትቀበሉ ዋስትናው ባትሪውን እንደሚጨምር በጽሑፍ ይሁን፤ «ዋስትናው ለማሽኑ ነው» ማለት የተለመደ ማምለጫ ነው።

አስቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ባትሪውን ብቻ መቀየር ሊበቃ ይችላል። ግን አዲሱን ስትገጥሙ ሙሉ ቻርጅ ካደረገ በኋላ፣ ዩፒኤሱ እንደተሰካ፣ የባትሪውን ሁለት ምላስ ለኩ። ለአንድ ባትሪ ከ13.5 እስከ 13.8 ከሆነ ቻርጀሩ ደህና ነው። ከ14.5 አልፎ እዚያው ከቆየ ግን የተበላሸው ቻርጀሩ ስለሆነ አዲሱን ባትሪ ቶሎ ንቀሉት፤ ከተተወ ያደርቀዋል፣ ያሳብጠዋል።