ስህተት ወይስ እርጅና? ሳንቲምዎን ሲመረምሩ

ጎንደር ፒያሳ ሻይ ጠጥቼ መልስ ስቀበል፣ ጠርዟ ጎደል ያለ የአንድ ብር ሳንቲም ደረሰችኝ። «ይቺማ የማተሚያ ስህተት ናት፣ ትሸጣለች!» አለኝ ጓደኛዬ። እስቲ እናስተያይ።

መልክ፦ ስትታተም የተሳሳተች ከሆነ ስዕሉ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ፣ በሌላው በኩል ባዶ ብረት ጨረቃ መስሎ ይቀራል። በእጅ ብዛት ያረጀች ግን መጀመሪያ የሚላጋው ከፍ ያለው ቦታዋ ነው፤ የአንበሳው ፊት፣ ጋማው። ጭረት ደግሞ በስዕሉ ላይ አቋርጦ ያልፋል።

ጠርዝ፦ ቁም ነገሩ እዚህ ነው። ሳትታተም በፊት የተቆረጠች ሳንቲም፣ ከጉድለቷ ትይዩ ያለው ጠርዝ ብዙ ጊዜ ደብዘዝ ይላል። በኋላ በሞረድ የተበላች ይህ ምልክት የላትም፤ የሞረዱ መስመር በጥፍር ይታወቃል። የእኔዋ? ሞረድ በልቷታል።

ክብደት፦ ሁለቱም ሊቀሉ ስለሚችሉ ሚዛን ብቻውን አይፈርድም።

ማርትሬዛ (የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለባት የድሮ ብር)፦ «1780» ማለቷ ስህተት አይደለም፤ ከዚያ ዓመት በኋላ የታተሙትም ይህንኑ ቁጥር ይይዛሉ። አናቷ ላይ ጠባሳ ካለ ደግሞ አንገት ላይ ተንጠልጥላ ከርማ ይሆናል።

ወጪ፦ አጉሊ መነጽርና ጥሩ ብርሃን ይበቃል። በሎሚና በአመድ ማሸት ግን እውነተኛዋንም ዋጋ ያሳጣል።

ስዕሉ ሸሽቶ ብረቱ ንጹህ ከሆነ በወረቀት ጠቅልለው ያስቀምጡ፣ ለሚያውቅ ሰው ያሳዩ። ተላግታ ወይም ተሞርዳ ከሆነ ለታክሲ ይክፈሏት። እኔም ከፈልኳት፤ ረዳቱ ዞር ብሎም አላያት።