የቆዩ ጥያቄዎችን በዓመት ወይስ በምዕራፍ?

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ጥላ ሥር ተቀምጠን ታናሽ እህቴን ለ12ኛ ክፍል ፈተና ሳስጠናት ሁለቱንም ሞክረናል፦ የአንድ ዓመት ፈተና ሰዓት ይዞ መጨረስን፣ ከየዓመቱ የአንድ ምዕራፍ ጥያቄዎችን ብቻ ለቅሞ መሥራትንም።

በዓመት መሥራት ፍጥነት ያስለምዳል። ግን ያልገባን ነገር አያስተምርም፤ ሦስት የፊዚክስ ፈተና ሠርታ ሦስቴም ያንኑ ሳተች። በምዕራፍ ስንጀምር ደብተሯን ለሁለት ከፈለች፤ በግራ የሳተችው ጥያቄ፣ በቀኝ የሳተችበት ምክንያት። «ቀመሩን ረሳሁ»፣ «ቸኩዬ አነበብኩ»፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ሴንቲ ሜትሩን ወደ ሜትር አልቀየርኩም»። የቀኙን ገጽ ስናይ ሁለታችንም ደነገጥን፤ ፊዚክሱን ታውቀዋለች፣ የሚጥላት መለኪያው ነው። መልስ መሸምደድ ይህን ፈጽሞ አያሳይም።

የ2014 ፈተናን ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩና ጊዜ የሚባክንበት ነገር አይደለም። እኔ በምዕራፍ ጀምሩ እላለሁ፤ ከቆዩት ጥያቄዎች መካከል በአዲሱ የመማሪያ መጽሐፍ የሌለ ርዕስ ከመጣ እለፉት። ሙሉ ፈተናውን ለመጨረሻዎቹ ሳምንታት አቆዩት፤ ያኔ ስልክ አጥፍታችሁ፣ ሰዓት አስቀምጣችሁ፣ ሳትነሡ ሥሩት። ሁለት ያልተነኩ ዓመታት ለዚያ ይትረፉላችሁ።