«የፊልሙ ኦሪጅናል ጨርቅ ነው» ለሚላችሁ ሰው ብር ከመላካችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ቤታችሁ ልብስ ለምትሰፉና የፊልም ልብስ አስመስላችሁ ለምትሰሩ። ይሄን የምጽፈው ከፊልም የተረፈ ነው ብሎ ጨርቅ የሸጠልኝ ሰውዬ እስከ ትላንት ድረስ ያንኑ ፎቶ ለጥፎ እየሸጠ ስላየሁት ነው፣ ከስሩ ደግሞ ሁለት ያገራችን ሰዎች «ዋጋ ኢንቦክስ» ብለው ጽፈዋል፣ እኔም ከሁለት ወር በፊት እንደዛው ብዬ ጽፌ ነው 460 ዶላር ያጣሁት። ስሙን እዚህ አልጠራም፣ ገጹን በየጊዜው ይቀያይረዋል፣ ጨርቁን ለይታችሁ ብታውቁት ይጠቅማችኋል ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወንድሜ ልጅና ሶስት ጓደኞቹ ኮስፕሌይ፣ ማለትም የፊልም ገጸ ባህሪ መስሎ መልበስ ይወዳሉ፣ ብላክ ፓንተር ላይ የድንበር ጠባቂዎቹ እነ ወካቢ የሚደርቡትን ሰማያዊ ብርድ ልብስ ስሪልን አክስቴ አሉኝ፣ እኔም ስንት አመት የሰርግ ካባ ስሰፋ ነው የኖርኩት ይሄማ ምን ያቅተኛል ብዬ እሺ አልኩ። ፊልሙ የ2018 ነው፣ የልብስ ዲዛይነሯ ሩት ካርተር በ2019 በዚሁ ስራ ኦስካር ወስዳለች፣ በልብስ ዲዛይን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። ሀሳቡን የወሰደችው ከመላው አፍሪካ ነው፣ የኛዎቹ ሱርማና ሙርሲ ከንፈራቸው ላይ የሚያደርጉት ሸክላ ሳይቀር አንዱ ሽማግሌ ላይ አለ። ብርድ ልብሱ ደግሞ የሌሶቶ ሰዎች የባሶቶ ብርድ ልብስ ነው። በፈረንጆቹ በ1860 አካባቢ ለንጉሣቸው ለቀዳማዊ ሞሽዌሽዌ አንድ ነጋዴ የሱፍ ብርድ ልብስ አበረከተላቸው ይባላል፣ ከዛ ወዲህ ለሰርግም ለወግ ማእረግም የሚደርቡት ክብራቸው ሆኗል፣ ለኛ ጋቢ እንደሆነው ማለት ነው። እና ጨርቁ ቀላል ነገር አይደለም፣ እኔም በትክክል መስራት ነበር የፈለግኩት።

ስፈልግ ይሄ ማስታወቂያ መጣልኝ፣ «ከፊልሙ የተረፈ ጣቃ፣ መቶ ፐርሰንት ሱፍ፣ ስክሪን አክዩሬት»። ስክሪን አክዩሬት የሚሉት ልክ ፊልሙ ላይ እንደሚታየው ለማለት ነው፣ ማንም ተነስቶ ሊለው የሚችል ቃል ነው፣ የሚቆጣጠረው የለም። ደወልኩለት፣ ያገር ልጅ ነው፣ በአማርኛ ነው የሚያወራው፣ «እህቴ በማርያም ይሄን ሌላ ቦታ አታገኚውም፣ አስራ ሁለት ያርድ ነው የቀረኝ» አለኝ። በያርድ 35፣ 12ቱ 420፣ መላኪያ 40። ቁራጭ ላክልኝ መጀመሪያ ልየው ስለው ቁራጭ እስክልክ ያልቃል አለ። እዛ ላይ ማቆም ነበረብኝ፣ ልጆቹ ለብሰውት የሚሄዱበት ዝግጅት ቀርቦ ስለነበር ግን ከአካውንቴ በቀጥታ ላኩለት።

ጨርቁ መጣ። ሰማያዊው ደስ ይላል፣ ብርማው ጥለት ያበራል፣ በእጅ ሲይዙት ለስለስ ይላል። የመጀመሪያውን ካባ ሶስት ያርድ ለካሁና ቆረጥኩ፣ ጫፉን አጥፌ ካውያውን ሱፍ የሚለው ላይ አድርጌ እርጥብ ጨርቅ እንኳን ሳላነጥፍ ጫን አደረግኩት። ያዘ። ካውያውን ሳነሳው እንደ ማስቲካ እየተጎተተ ተነሳ፣ ጨርቁ ላይ የካውያው አፍንጫ ቅርጽ እንዳለ እንደ ላስቲክ እያብለጨለጨ ቀረ። ሱፍ እንዲህ አይሆንም፣ ሱፍ ሲበዛበት ያቃጥለዋል ይቢጫል እንጂ ካውያ ላይ አይጣበቅም።

እናቴ እኔ ጋ ነበረች፣ የመንዝ ሰው ናት፣ እናቷ የበግ ጸጉር ፈትላ ባና ስታሰራ እያየች ነው ያደገችው፣ በርኖስም ዝተትም በእጇ ታውቃለች። ምን ሸተተ ብላ መጣች፣ ጨርቁን በመዳፏ አንዴ ሻሸት አደረገችውና «ልጄ ይሄ ነገር በግ አያውቅም» አለችኝ። ከዳሩ ክር መዘዝኩ፣ በወረንጦ ይዤ ሲንክ ላይ ላይተር አስጠጋሁት፣ ገና እሳቱ ሳይነካው ሸሽቶ ተኮማተረ፣ ከዛ ቀለጠ፣ ጥቁር ጭስ አወጣ፣ ሲበርድ ጫፉ ላይ እንደ ጨሌ ዶቃ የምታክል ድርቅ ያለች ጥቁር ነገር ቀረች፣ በጥፍሬ ብጫናት አልፈርስ አለች። ፖሊስተር ፍሊስ ነው፣ ከሰው ሰራሽ ክር የሚሰራው ለስላሳ ጨርቅ። በቃ፣ በየጨርቅ ሱቁ ያለው ፍሊስ ላይ ጥለት አትመውበት ነው።

ከዛ በኋላ ቁጭ ብዬ ሳጠናው ሳልቆርጠው በፊት ልይዘው የምችልባቸው ምልክቶች ነበሩ፣ እነሱን ነው እንድታውቁልኝ የምፈልገው።

አንደኛ ነገር በያርድ መሸጡ። የባሶቶ ብርድ ልብስ ጥለቱ ታስቦ እንደ ብርድ ልብስ ሙሉ ሆኖ ነው የሚሸመነው፣ የኛ ጋቢ ጥለቱ ጫፍ ላይ እንደሚወድቀው። ጣቃ ሆኖ ማለቂያ የሌለው አንድ አይነት ጥለት ከተደጋገመ ከአመራረቱ ሌላ ነገር ነው። ጀርባውን ገልብጡት ደግሞ፣ እውነተኛው ጥለቱ የሽመና ስለሆነ በሁለቱም ገጽ ይታያል፣ ቀለሙ ተገላብጦ ፊት ለፊት ጥቁር የነበረው ከኋላ ደማቅ ይሆናል። የኔው ጀርባው ዝም ብሎ ገርጣ ያለ ሰማያዊ ነበር። እሱ የላከልኝ ፎቶ ግን የፊቱ ብቻ ነበር፣ ያውም ግማሹ ከፊልሙ የተቆረጠ ምስል ነው፣ ያኔ አላስተዋልኩትም። ሌላው መስመሩ ነው፣ የባሶቶ ብርድ ልብስ ላይ ቀጠን ያለች መስመር አለች፣ መጀመሪያ የሽመና ስህተት ነበረች ይባላል፣ ሰዉ ወደዳትና እንድትቀር ተደረገች፣ ሲለብሱት መስመሯን ወደላይ አቁመው ነው የሚለብሱት፣ እድገት ነው ትርጉሙ። የኔ ጨርቅ ላይ መስመሮቹ አግድም ሄደዋል፣ የሌሶቶ ሰው ቢያየው ቅር ይለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ባሶቶ የሚል ስም ስላለበት ብቻ ሱፍ ነው ብላችሁም አትመኑ፣ ሱፉ የበዛበት አለ አክሪሊክ ከሚባል ሰው ሰራሽ ክር የተቀየጠ ረከስ ያለም አለ። ደግሞ እውነተኛውን ብርድ ልብስ ብታገኙ ራሱ የፊልሙ ነው ማለት አይቻልም። ሩት ካርተር ራሷ እንደተናገረችው ብርድ ልብሶቹን ከደቡብ አፍሪካ አስመጥተው በአንዱ ገጽ ብርማ ህትመት አሳትመውበታል፣ ለካሜራ በጣም ከብደው አልንቀሳቀስ ሲሉ ደግሞ በጺም መላጫ ማሽን ጸጉራቸውን ላጭተው አሳስተዋቸዋል። አስቡት እንግዲህ፣ እንደዛ የተለፋበትን ነገር አንድ ሰው ጣቃ ሙሉ ተርፎኛል ሲል።

ቀለምም ላይ እንዲሁ ነው። ጓደኛዬ ዱባይ ሆና የ2007ቱን የአቶንመንት ፊልም አረንጓዴ ቀሚስ ለእህቷ ልታሰፋ «ትክክለኛው አረንጓዴ ሐር» ብለው ሸጡላት፣ ፖሊስተር ሳቲን ነበር። ያ ቀሚስ እኮ ለፊልሙ ተብሎ የተነከረ ሐር ነው፣ ያ ቀለም ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ የሚጠብቃችሁ አይደለም። ከፊልም ላይ ቀለም ማመሳሰል በራሱ ያሳስታል፣ መብራቱ አለ፣ በኋላ ኮምፒውተር ላይ የሚቀይሩት አለ፣ የናንተ ስልክ ስክሪን አለ። ሙዚየም ያለውም ቢሆን ያው ነው፣ የ1939ኙ የጎን ዊዝ ዘ ዊንድ ፊልም አረንጓዴ ቀሚስ፣ ታሪኩ ላይ ከመጋረጃ የተሰፋው፣ ኦስተን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለ፣ ከፋይ ነው፣ በእድሜ ብዛት ቀለሙ ደብዝዞ ወጣ ገባ ሆኗል፣ ዛሬ የተነሳውን ፎቶ ይዞ ጨርቅ የሚገዛ ሰው የደበዘዘውን ነው የሚገዛው።

ስለዚህ ጨርቁን ለመለየት የቆመ ፎቶ ሳይሆን ሰውየው የሚራመድበትን የሚቀመጥበትን ትእይንት ደጋግማችሁ እዩ። ሱፍ እጥፋቱ ክብ ክብ ይላል፣ ብርሃን ይውጣል አያብረቀርቅም፣ ሲወዛወዝ ዘግየት ብሎ ነው የሚመለሰው። ሐር ከውስጥ የሚያበራ ይመስላል፣ ርካሽ ሳቲን ግን እጥፋቱ ጫፍ ላይ ነጭ ብልጭታ ይሰጣል። ሊነን ከሆነ ተቀምጦ ሲነሳ ክርኑና ጉልበቱ አካባቢ የተጨማደደው አይመለስም። ይሄ ሁሉ ግምት ነው፣ ግምታችሁን የሚያረጋግጥላችሁ ቁራጩ ነው። ቁራጭ አልልክም ያለ ሰው ጋ ንግዱን እዛው ተዉት።

ቁራጩ ሲመጣ ክር ምዘዙ፣ ድሩንም ማጉንም ለየብቻ፣ ምክንያቱም ድሩን ፖሊስተር ማጉን ሱፍ አድርገው የሚሸምኑ አሉ። ሱፍና ሐር ሲቃጠሉ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታሉ፣ እሳቱን ስታርቁት ቶሎ ይጠፋሉ፣ አመዱ በጣት ሲነካ ይደቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነው የሚነደው የሚሸተውም፣ ለስላሳ ግራጫ አመድ ይተዋል፣ ሬዮንም እንደሱ ስለሆነ ሁለቱን በእሳት መለየት አይቻልም። ፖሊስተርና አክሪሊክ ይቀልጣሉ፣ ይንጠባጠባሉ፣ አክሪሊክ እንደውም ቶሎ ነው የሚንቦገቦገው። እባካችሁ ሲንክ ላይ ውሃ አጠገባችሁ አድርጋችሁ፣ ልጆች በሌሉበት፣ በወረንጦ ይዛችሁ ብቻ ሞክሩት፣ የቀለጠ ፖሊስተር ቆዳ ላይ ከተጣበቀ ይልጣል። እሳት የምትፈሩ ደግሞ በረኪና አለላችሁ፣ ያልቆየ በረኪና ሳትበርዙ ጠርሙስ ውስጥ ትንሽ ቁራጭ ነክራችሁ አሳድሩት፣ ሱፍና ሐር ይሟሟል፣ ጥጥና ፖሊስተር ቀለሙ ቢለቅም ጨርቁ ይቀራል። ከኮምጣጤም ከሌላ ማጽጃም ጋር እንዳትቀላቅሉት፣ መርዝ ጋዝ ያወጣል፣ መስኮትም ክፈቱ። ሚዛን ካላችሁ ደግሞ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ መዝኑና በ100 አባዙት፣ የካሬ ሜትሩ ክብደት ነው። የኔው 2.4 ግራም መዘነ፣ 240 ማለት ነው፣ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ 400ና ከዛም በላይ ይሄዳል።

ጣቃ ሙሉ ሲመጣላችሁም ቁራጩን ጣሉት እንዳትሉ፣ አጠገቡ አድርጋችሁ አመሳስሉት፣ ጥሩ ቁራጭ ልከው ሌላ ጨርቅ የሚልኩም አሉ። ፓኬቱን ስትከፍቱ በስልካችሁ ቅረጹ፣ መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት እንደገና ክር አቃጥሉ። ሰውዬው ለኔ የሰጠኝ መልስ «የተቆረጠ አይመለስም» ነው፣ እሺ ያልነካሁትን ዘጠኝ ያርድ ውሰድ ስለው ብሎክ አደረገኝ። ባንኬ ጋ ደወልኩ፣ ራስሽ ፈቅደሽ ነው የላክሽው አሉኝ። እዚህ አሜሪካ በክሬዲት ካርድ ብከፍል ኖሮ የካርዱ የሂሳብ መግለጫ በወጣ በ60 ቀን ውስጥ በጽሁፍ ተከራክሬ የማስመልስበት እድል ነበረኝ፣ ስለዚህ በካርድ አልቀበልም የሚል ሻጭ ሲያጋጥማችሁ አስቡበት። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ይሄን እወቁ፣ የ1939 የሚባል የሱፍ መለያ ህግ አለ፣ ሱፍ ነው ተብሎ የሚሸጥ ነገር ስንት ፐርሰንቱ ሱፍ እንደሆነ፣ የት እንደተሰራና የማን እንደሆነ የሚናገር መለያ ሊኖረው ይገባል፣ የሚያስፈጽመው ንግድን የሚቆጣጠረው የመንግስት መስሪያ ቤት ፌደራል ትሬድ ኮሚሽን ነው፣ ኦንላይን ማመልከት ይቻላል፣ እኔም አመልክቻለሁ። የኔ ጨርቅ ላይ መለያ የሚባል ነገር አልነበረም።

ልጆቹን ደብቄ አላታለልኳቸውም፣ ያለውን ነገርኳቸው፣ ቀብዱን መለስኩላቸው፣ ዝግጅቱም ሳይሄዱበት አለፈ። የወንድሜ ልጅ ምንም አልልሽም አክስቴ አለኝ ግን ፊቱን አይቼዋለሁ፣ እሱ ነው ከብሩ በላይ የሚያመኝ።

«ዋጋ ኢንቦክስ» ብላችሁ የጻፋችሁት ሁለታችሁ ይሄ ከደረሳችሁ፣ ወይም ሌላ የምትፈልግ እህት ካለች በውስጥ ጻፉልኝ። ዘጠኙ ያርድ ሳይነካ ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለ፣ በፖስታ ቁራጭ እልክላችኋለሁ፣ ካውያው የያዘውንም ቦታ ፎቶ እልካለሁ፣ ሰውዬው የሚልክላችሁን አጠገቡ አድርጋችሁ ጀርባውን ገልብጣችሁ እዩት።