ዘጠኝ ወር ከሦስት «ሂሮሶች» ጋር፦ በአንድ ላፕቶፕ፣ ሐዋሳ ላይ

ባለፈው መስከረም ያገለገለ ላፕቶፕ ስገዛ ዓላማዬ የቢሮ ሪፖርት ቤት ወስጄ መጨረስ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ግን «ሂሮስ ኦፍ ማይት ኤንድ ማጂክ» የተባለውን የቆየ የስልት ጌም ጫንኩበት፤ እስከ ሰኔ ድረስም የተከታታዩን ሦስተኛ፣ አምስተኛና ሰባተኛ ክፍል አብሮኝ ከሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ጋር ስጫወት ከረምኩ። ማሽኑ 4 ጊጋባይት ራም ያለው፣ የራሱ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ነው፤ ባትሪው ከአንድ ሰዓት ተኩል አያልፍም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የምሰጠው ፍርድ ከማሽኑ አቅምና በሰፈራችን ምሽት ላይ ከሚጠፋው መብራት ተነጥሎ እንዳይነበብ ነው።

ጌሙን ለማያውቅ አንባቢ ያህል፣ ተጫዋቹ ጀግኖችን በካርታ ላይ እያንቀሳቀሰ ማዕድን ይይዛል፣ ከተማ ይገነባል፣ ሰራዊት ይመለምላል፤ አንዱ ተራ አንድ ቀን ሲሆን ሰባት ቀን ሳምንት ይሞላል። የመጀመሪያውን ክፍል እ.ኤ.አ. በ1995፣ ሦስተኛውን በ1999 የሠራው ኒው ወርልድ ኮምፒውቲንግ ነው። የባለቤቱ ኩባንያ ስሪዲኦ በ2003 ከከሰረ በኋላ መብቱ ለዩቢሶፍት ተሸጠ፤ አምስተኛውን በ2006 የሩሲያው ኒቫል፣ ሰባተኛውን በ2015 የጀርመኑ ሊምቢክ ሠሩት። ስሙ አንድ ቢሆንም ሦስቱ ከሦስት የተለያዩ እጆች የወጡ ሥራዎች ናቸው፤ ከተጫወቱት በኋላ ልዩነቱ በግልጽ ይታወቃል።

ሦስተኛውን ከሌሎቹ የሚለየው፣ እንደ እኔ ግምት፣ ሳምንቱ ነው። በአንድ ከተማ በቀን ከአንድ ሕንፃ በላይ መሥራት አይቻልም፤ አዲስ ወታደር ደግሞ የሚበቅለው ሳምንቱ ሲገባ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ሰባት ሕንፃ ማለት ነው። የከተማው ገቢ በቀን ከ500 ወርቅ ወደ 1,000፣ ወደ 2,000፣ በመጨረሻም ወደ 4,000 እንዲያድግ ገንዘቡን በአስተዳደር ሕንፃዎች ላይ ያፈሰሰ ሰው፣ ሰባተኛው ቀን ሲያልቅ የወታደር መኖሪያው ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። በአንጻሩ ምሽጉን በሰባተኛው ቀን እስከ መጨረሻው ደረጃ ያደረሰ ሰው በማግስቱ የሚመለምለው ሰራዊት እጥፍ ይሆንለታል። አንድ ቀን የዘገየ ግንብ ሙሉ ሳምንት ያስከፍላል። ከዚያም ኮከብ ቆጣሪዎቹ የአዲሱን ሳምንት ስም የሚያውጁበት ሰሌዳ ይመጣል፤ ወንድሜ ይህን ሰሌዳ ድምፁን አወፍሮ ሳያነብ አያልፍም።

ውጊያውም እንደ ገበጣ የሚቆጠር ነው። እያንዳንዱ ጭፍራ (አብረው የሚንቀሳቀሱ የአንድ ዓይነት ወታደሮች ቡድን) በአንድ ዙር አጸፋ የሚመልሰው በመደበኛው አንድ ጊዜ ብቻ በመሆኑ፣ ወንድሜ ከባለ ጦሮቹ አንዱን ነጥሎ ለብቻው ያሰልፋል፤ ይህ ብቸኛ ወታደር ቀድሞ ሄዶ የጠላትን ትልቅ ጭፍራ ይወጋል፣ አጸፋውን ተቀብሎ ይሞታል፣ ከኋላው የሚመጡት ጎራዴ ያዦች ግን ያለ አጸፋ ይመታሉ። ግሪፊኖች የተባሉት የንስር ራስና የአንበሳ አካል ያላቸው ፍጡሮች አጸፋቸው ሁለት ጊዜ ስለሆነ ለእነሱ ሁለት መሥዋዕት ያስፈልጋል፤ ማዕረጋቸው ካደገ ደግሞ አጸፋቸው ገደብ ስለማይኖረው ዘዴው አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው አራተኛው ክፍል ምቱና አጸፋው በአንድ ጊዜ እንዲሆን በማድረጉ ይህን ሁሉ ስሌት ከንቱ አድርጎት ነበር። ለጥቂት ቀናት ሞክሬው የተውኩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። ኔክሮፖሊስ የተባለውን የሙታን ከተማ የያዘ ተጫዋች ከሞቱት የጠላት ወታደሮች ከፊሎቹን በአፅምነት እያስነሳ ወደ ሰራዊቱ ስለሚጨምር፣ ሁለተኛው ወር ሲገባ በአፅም ብዛት ብቻ ያሸንፋል፤ ከጥር ወዲህ በቤታችን ይህ ከተማ በስምምነት የተከለከለ ነው። የምድር አስማትን እስከ ጫፍ የተማረ ጀግና ወደ መረጠው የራሱ ከተማ በቅጽበት ስለሚመለስም ዋና ከተማን በድንገት መያዝ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ምስሉ ለ800 በ600 ፒክስል ስክሪን የተሠራ በመሆኑ፣ አድናቂዎች ለዛሬ ስክሪን እንዲስማማ ያዘጋጁትን «ኤችዲ ሞድ» የተባለ ማሻሻያ ሳይጭኑ በዛሬ ማሽን መጫወት ዓይን ያደክማል።

አምስተኛው በውጊያ ረገድ ከሦስተኛው ይበልጣል ብል አላፍርም። በሦስተኛው ሁሉም ጭፍራ በየዙሩ አንድ ጊዜ ሲንቀሳቀስ፣ እዚህ ግን ዙር የሚባለው ቀርቶ እያንዳንዱ ፍጡር እንደ ፍጥነቱ በስክሪኑ ግርጌ ባለው የተራ ሰልፍ ላይ ይቆማል፤ ፈጣኑ ዘገምተኛው አንድ ጊዜ ሳይነሳ ሁለት ጊዜ ሊመታ ይችላል። በ2007 የወጣው «ትራይብስ ኦፍ ዘ ኢስት» የተባለው ማስፋፊያ (በጌሙ ላይ አዲስ ይዘት የሚጨምር እትም) ለእያንዳንዱ ወታደር ሁለት የእድገት ምርጫ ስለሰጠ፣ አንዱ ከተማ በሁለት ሰዎች እጅ ሁለት ዓይነት ሰራዊት ያወጣል። ካርታው ግን ሦስት ገጽታ ያለው በመሆኑ ከዛፍና ከተራራ ጀርባ የተደበቀ የእንጨት ክምር ለማግኘት ካሜራውን ሁልጊዜ ማዞር ግድ ይላል። ከዚህ የሚብሰው ጥበቃው ነው፦ በሰፊ ካርታ ላይ ሦስት የኮምፒውተር ተቃዋሚዎች ካሉ፣ የእነሱ ተራ አልቆ የእኛ እስኪደርስ ወንድሜ ሻይ አፍልቶ ይመለሳል። ከፊሉ ጥፋት የላፕቶፔ እንደሆነ አምናለሁ፤ ሆኖም ያው ላፕቶፕ ሦስተኛውን ያለ ምንም መንቀራፈፍ ያጫውታል።

ስለ ሰባተኛው ብዙ የምለው የለኝም። ስድስተኛው ወደ አራት የቀነሳቸውን የሀብት ዓይነቶች ወደ ሰባት መልሷል፤ ጠላትን ከጎንና ከኋላ የመታ ሰው ተጨማሪ ጉዳት የሚያደርስበት ሥርዓትም አምጥቷል፤ ሁለቱንም ወድጃቸዋለሁ። በእኔ ማሽን ግን በዝቅተኛው የምስል ጥራት እንኳ ስለሚንቀራፈፍ በአብዛኛው ጓደኛዬ ቤት ነው የተጫወትኩት፤ ሌላ ሰው ቤት የሚጫወቱት ጌም ደግሞ የእራት ሰዓት ሲደርስ ይቆማል።

ሁለት ሰዎች በአንድ ማሽን ተራ በተራ ስንጫወት የሌላውን ካርታ አለማየት ግዴታ ነው። ወንድሜ በእኔ ተራ በረንዳ ላይ ይወጣል፤ እኔም በእሱ ተራ ጀርባዬን ሰጥቼ እቀመጣለሁ። በሦስተኛው ይህ ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ ስለማይበልጥ ጨዋታው አይቀዘቅዝም። ትንሽ ባስብ እንኳ ከበረንዳው «ጋሼ፣ ተራህን ጨርስ እንጂ፣ በረደኝ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። በአምስተኛው ግን አንድ ተራ ሲረዝም የሚጠብቀው ሰው ስልኩን ያወጣል፤ ስልኩን ካወጣ በኋላ የት እንደነበር ይጠፋዋል። መብራት በሚጠፋበት ምሽት፣ በአንድ ሰዓት ተኩል ባትሪ በሦስተኛው ሁለት ሳምንት ያህል የጌም ጊዜ እንጓዛለን፤ በአምስተኛው አንድ ሳምንት ከሞላልን ዕድለኞች ነን።

መግዛት ለሚፈልግ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እኔ መጀመሪያ ያስገዛሁት በ2015 የወጣውን የሦስተኛውን የኤችዲ እትም (ምስሉ የጠራውን) ነበር፤ የባንክ ካርድ ያለው በውጭ አገር የሚኖር ዘመዴ ከፈለልኝ። ምስሉ ጥሩ ነው፤ ይሁን እንጂ ሁለቱ ማስፋፊያዎች የሉበትም፤ ሳላጣራ መግዛቴ የራሴ ስንፍና ነው። ሁሉንም የያዘው «ኮምፕሊት» የተባለው እትም ሲሆን፣ አድናቂዎች የሠሩት «ሆርን ኦፍ ዘ አቢስ» የተባለው ተጨማሪም የሚጫነው በእሱ ላይ ነው። ዘመዴን ለሁለተኛ ጊዜ ለመጠየቅ አንድ ወር ያህል አፍሬ ቆይቻለሁ።

አሁን ሰባተኛውን ከላፕቶፑ አጥፍቼ ቦታውን ለቢሮ ፋይሎች መልሻለሁ፤ አምስተኛውን ወንድሜ ለብቻው ሲሆን ይከፍተዋል። በሦስተኛው ስድስተኛው ሳምንት ላይ ያቆምነው ጨዋታ አለን፤ ተራው የእኔ ነው፣ ቀኑም ሰባተኛ ነው፣ ግንቡን ለመጨረስ አምስት እንጨት ይጎድለኛል።