ኤርትስገቢርገ ወይስ ሪዘንገቢርገ?

ለመጎብኘት የትኛው ይሻላል? ሁለቱም የቦሄሚያ (የዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ምዕራባዊ ክፍል) ሰሜናዊ ተራሮች ለዘመናት የጀርመንኛ ተናጋሪዎች መኖሪያ ነበሩ። በቼክ በኩል የነበሩት አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1945 እና በ1946 ተባረሩ።

ታሪክ የሚፈልግ ሰው ኤርትስገቢርገን ቢመርጥ ይሻለዋል። ተራራው በጀርመን በኩል ወዳለው የሳክሶኒ ግዛት ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ወደ ቦሄሚያ ግን ገደል ነው። በ1516 የተቆረቆረችው ዮአኪምስታል፣ የዛሬዋ ያኺሞቭ፣ በብር ማዕድን ከበረች፤ እኛ ማርትሬዛ የምንለው ጠገራ ብርም የዘር ሐረጉ ከዚያ ይመዘዛል። ሳይንቲስቷ ማሪ ኪዩሪና ባለቤቷ በ1898 ራዲየም የተባለውን ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ያገኙት ከዚሁ ከተማ በመጣ ማዕድን ነው። ጉዳቱም አለ፦ ከከሰል ማመንጫዎች የወጣው የድኝ ጭስ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ደኑን ጨርሶታል፤ ብዙ መንደሮችም ጠፍተዋል።

ለእግር ጉዞ ግን ሪዘንገቢርገ ይበልጣል። ከፍተኛው ጫፉ ስኒየሽካ 1,603 ሜትር ነው፤ የኤርትስገቢርገ ከፍተኛው ክሊኖቬትስ 1,244 ብቻ። የኤልበ ወንዝ ምንጭም እዚሁ ነው። የቀድሞ እረኞች ጎጆዎች ዛሬ የተጓዥ ማደሪያ ሆነዋል። ወደ ስኒየሽካ የሚወጣው የገመድ መኪና ነፋስ ሲበረታ ስለሚቆም፣ በእግር ለመመለስ የሚበቃ ሰዓት ይያዝ።

የድሮ የጀርመንኛ ካርታ የያዘ ስሞቹን አስቀድሞ ያመሳክር፦ ሽኔኮፔ ስኒየሽካ፣ ካይልበርግ ደግሞ ክሊኖቬትስ ነው።