ባርኔጣ ወይስ ሰንስክሪን? ለልጅዎ ከመግዛትዎ በፊት

እኛ ሰፈር፣ ኮዬ ፈጬ፣ ዛፍ የለም ማለት ይቻላል። የተተከለው ችግኝ እንኳን ለሰው ለራሱም ጥላ አልሆነ። ልጆቹ ግን በጠራራ ፀሐይ በየሕንፃው መሃል ኳስ ሲያባርሩ ይውላሉ። ሰሞኑን አንዲት ጎረቤቴ "ለልጄ የትኛውን ሰንስክሪን ልግዛ?" አለችኝ፤ ፀሐይ እንዳያቃጥል ቆዳ ላይ የሚቀባውን ክሬም ማለቷ ነው። እኔ ደግሞ "ባርኔጣ አለው?" አልኳት።

የአዲስ አበባና የዙሪያዋ አየር ያታልላል። ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ነን። ከፍታ በ1000 ሜትር ሲጨምር አልትራቫዮሌት የሚባለው፣ ቆዳ የሚጎዳው የማይታይ የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ነፋሱ ስለሚቀዘቅዝ ግን አይታወቀንም። ስስ ደመናም ቢሆን አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል።

መጀመሪያ የራስ ነገር። ልጆች ኬፕ ይወዳሉ፤ ጆሮና ማጅራት ግን ባዶ ይቀራል። ዙሪያውን አራት ጣት ያህል ክፈፍ ያለው ባርኔጣ በብዙ ይበልጠዋል። ወደ ብርሃን ያዝ አድርጋችሁ እዩት፤ እንደ ወንፊት የሚያሳልፍ ከሆነ ተዉት። ለሚሮጥ ልጅ ደግሞ ማሰሪያ ያለው ይሁን።

ልብስም እንደዚያው ነው። ከሰልቫጅ የተገዛ ጥቅጥቅ ያለ ባለ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ ከስስ ነጭ ቲሸርት ይሻላል፤ ስሱ ሲረጥብ ጭራሽ ይብስበታል።

ወደ ሰንስክሪኑ ስንመጣ፣ ቱቦው ላይ የተጻፈው የመከላከያ ቁጥር፣ ኤስፒኤፍ (SPF) የሚባለው፣ ብዙ ሰው ያሳስታል። በትክክል ከተቀባ ኤስፒኤፍ 15 ቆዳ የሚያቃጥለውን ጨረር 93 በመቶ ያህል ይከላከላል፣ 30 ደግሞ 97፣ 50 ደግሞ 98። ስለዚህ 50 የ30ን እጥፍ አይሠራም። እርግጥ ሁላችንም ቆጥበን ስለምንቀባ 50 ትንሽ መጠባበቂያ ይሆናል። በጣም ከተወደደ ግን 30 በቂ ነው። ዚንክ ኦክሳይድ ያለው ለስስ ቆዳ ይመቻል፤ ችግሩ ጠይም ፊት ላይ አመድ የነካው ያስመስላል። ዚንክ የሌለው ዓይነት ቆዳ ላይ አይታይም፣ ላብ ሲያወርደው ግን ዓይን ይለበልባል። የትኛውም ቢሆን በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል። ቫዝሊን ምትኩ አይደለም። ቀኑንም እዩ፦ እኔ በቅናሽ ብዬ ያመጣሁት ቱቦ ጊዜው ካለፈ ስምንት ወሩ ነበር።

እና ማነው የግድ የሚያስፈልገው? አልቢኒዝም ያለበት ልጅ፣ ማለትም ሲወለድ ጀምሮ ቆዳው የተፈጥሮ ቀለም የሌለው ወይም ያነሰው። እሱ ባርኔጣውም፣ ረጅሙ እጅጌም፣ ሰንስክሪኑም በየቀኑ ያስፈልጉታል፤ እዚህ ላይ ብር አይቆጠብም። ሌሎቹ ልጆቻችን የቆዳቸው ቀለም ስለሚያግዛቸው ቶሎ አይቃጠሉም። ዓይናቸውን ግን ቀለሙ አያድነውም። ለእነሱ ባርኔጣ ይቅደም፣ ክሬሙ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ለሚውሉበት ቀን ይሁን። ከጠዋቱ 4 እስከ 10 ሰዓት ያለውን ፀሐይ መቀነስ ደግሞ ነፃ ነው። የልጁ ጥላ ከቁመቱ ካጠረ ፀሐይዋ በርትታለች ማለት ነው።

ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ክሬም አትግዙ፤ ጥላና ልብስ ይበቃዋል። የእናቶቻችንን የጠዋት ፀሐይ ማሞቅ ግን አልነቅፍም፣ አጥንት ቫይታሚን ዲ ይፈልጋል። ብቻ በመስኮት መስታወት ጀርባ ማሞቁ ለዚያ አይጠቅምም፤ መስታወቱ የሚፈለገውን ጨረር ያስቀረዋል።

ጎረቤቴ ባለ ማሰሪያውን ባርኔጣ ገዛች። ልጁ "አገጬ ሥር ካሰርሽው ሕፃን ያስመስለኛል" ብሎ አኩርፏል። ገና እየተደራደሩ ነው።